በዘይት የተነቀሰ ጀርባ

እንደ ድሮ ልማዴ ቢሆን ይህን ወሬ በመሐላ እከፍተው ነበር። አፌ ላይ መጥቶ መለስኩት። ለምን እንደመለስኩት በኋላ ትደርሱበታላችሁ፤ እስከዚያው ያለ መሐላ እመኑኝ። የሚያውቁኝ ሰዎች ይሄ ቀላል ልመና እንዳልሆነ ይገባቸዋል። እኔ አንድ ዓሣ አጥምጄ ቤት እስክደርስ ድረስ ዓሣው ጀልባ የሚገለብጥ የሚሆንብኝ ሰው ነኝ።

በዚያን ጊዜ ሥራዬ መስታወት ማጠብ ነበር። የሳሎን መስታወት እንዳይመስላችሁ፤ የሲያትል ዳውንታውን ፎቆች መስታወት ነው። ከጣሪያ በሁለት የብረት ገመድ የሚንጠለጠል፣ ስቴጅ የምንለው ጠባብ መድረክ አለ። ሁለት ሰው፣ ሁለት ባልዲ፣ ሁለት የጎማ መጥረጊያ ይዞ ፎቅ በፎቅ ይወርዳል። የኛ ሕንፃ መቶ ሃያ ፎቅ ነበረው። እሺ፣ ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ ሁለተኛው ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ታች ያየ ሰው ግን በቁጥር አይከራከረኝም።

እኔ ደግሞ ከፍታ እፈራለሁ። ታዲያ እዚያ ምን ወሰደህ ካላችሁ፣ ሲቀጥሩኝ በሚሞላው ቅጽ ላይ “ከፍታ ላይ መሥራት ትችላለህ?” የሚል ጥያቄ ነበረበት። “የተወለድኩት ከፍታ ላይ ነው” ብዬ ጻፍኩ። መቀለዴ ነበር። ሰኞ ጀምር አሉኝ።

የስቴጅ ጓደኛዬ በአሥር ዓመት የሚበልጠኝ፣ ከሲያትል ወጣ ብሎ ሊንውድ የሚኖር ታይላንዳዊ ነበር። ቃል በጠብታ የሚወጣው ሰው ነው። እኔ የሁለታችንንም ድርሻ ስለማወራ ተስማምተን ሦስት ዓመት ሠራን። የምንግባባው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው፤ መሐላዬ ግን በአማርኛ ነበር። ያወራሁትን አላምን ሲለኝ ደረቴን መትቼ “እናቴ ትሙት!” እለዋለሁ። አሁን ስጽፈው እንኳ እጄን ይከብደኛል። ያኔ ግን እንደ ነጠላ ሰረዝ ነበር፤ በየዓረፍተ ነገሩ መሀል ጣል የማደርገው።

አንድ የማርች ቀን ከባሕሩ በኩል ነፋስ ተነሣ። ስቴጁ ከመስታወቱ ተላቀቀና ወደ ኋላ ሄደ፤ ተመልሶ መጥቶ ተላተመ። ወዲያው በእኔ በኩል ያለው ገመድ ተንሸራተተ። መድረኩ ዘመመ። ባልዲዬ በአጠገቤ ተንሸራቶ አለፈና ሄደ። መሬት ሲመታ ድምፁን ልስማ ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም። ታች መንገዱ ታጥሮ ስለነበር ማንም አልተጎዳም፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚያባንነኝ የባልዲው መውደቅ አይደለም፤ ድምፁ አለመምጣቱ ነው።

ከላይ ያሉት ሠራተኞች እስኪያስተካክሉት አርባ ደቂቃ እንደ ዘመምን ቆየን። እኔ የማውቃቸውን ቅዱሳን ጠርቼ ስጨርስ ወደማላውቃቸው ተሻገርኩ። ጓደኛዬ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ቀስ እያለ ያንቀሳቅሳል። አንድ የላብ ጠብታ የለበትም። ወርደን ልብስ ስንቀይር ሸሚዙን አወለቀና ጀርባውን ሰጠኝ። ሁለት ነብሮች ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ዙሪያቸውን የማላውቀው ፊደል ከብቧቸዋል።

“እኔ አልወድቅም” አለኝ። ይሄን ያህል ብቻ።

ከዚያ ቀን በኋላ ፍርሃቱ ከስቴጁ ተከትሎኝ ቤት ገባ። የምንኖረው ኦቴሎ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ቀላል ባቡሩ ሊያልፍበት መንገዱ ሁሉ ተቆፋፍሮ በነበረበት ዘመን። አፓርታማችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሁለተኛ ፎቅ! እኔ ያን ደረጃ ግድግዳ ጨብጬ መውጣት ጀመርኩ። ከእኔ ጋር የምትኖረው እናቴ ከላይ ሆና “ጉልበትህን ነው?” ትለኛለች። “ጉልበቴን ነው” እላታለሁ። ሥራውን እንዳልለቅ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ከደመና በላይ እንደምሠራ ያላወራሁለት ሰው የለም። በምን አፌ እወርዳለሁ?

ሶ፣ ጓደኛዬን “ለኔም ይሁንልኝ” አልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሊንውድ ሄጄ የጓደኛዬ ቤት ጋራዥ በር ላይ ፓርክ አደረግኩ። ነቃሹ አጎቱ ናቸው፤ ከታይላንድ ለሁለት ወር ጥየቃ የመጡ ቀጭን ሽማግሌ። ሁሉም መምህር ነው የሚሏቸው። ጋራዡ በአንድ ወገን የሣር ማጨጃና አሮጌ ጎማ፣ በሌላው ወገን ወርቅ የተቀቡ ምስሎች፣ አበባ፣ ሻማና የነብር ጭንብል ነበረበት። የመምህሩ ሰውነት ከአንገት እስከ ወገብ ተጽፎበታል። መጽሐፍ ያነበበ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ መጽሐፍ የሆነ ሰው ግን የመጀመሪያዬ ናቸው። ጽሑፉ ጸሎት ነው አሉኝ። ልጅ ሆኜ እናቴ አንገቴ ላይ ያሰረችልኝ ክታብ ትዝ አለኝ፤ በቆዳ የተሰፋ፣ ተከፍቶ የማይነበብ። እዚህ ልዩነቱ ቆዳው የራስህ መሆኑ ነው።

ከኔ በፊት ተራ የነበረው መነጽር ያደረገ፣ ወፈር ያለ፣ የጥርስ ሐኪም የሚመስል ሰው ነው። ተነቅሶ ሲያበቃ መምህሩ የነብሩን ጭንብል አናቱ ላይ አሳረፉበት። ሰውዬው ማጓራት ጀመረ። ከዚያ በአራት እግሩ ሆኖ ሲሚንቶውን እየቧጠጠ ወደ እኔ ተወረወረ። ሦስት ሰዎች ዘለው ያዙት፤ ሁለት ጆሮውን አሹለት። ሰውነቱ ለቀቀ፤ ዙሪያውን አየና መነጽሩ የት እንደወደቀ ጠየቀ። ጠበል ቦታ እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ፤ እዚያ ግን ቢያንስ ማን ማንን እያስወጣ እንደሆነ አውቃለሁ። እዚህ የሚወጣ ይሁን የሚገባ አላወቅኩም። ለመሄድ ተነሣሁ። ጓደኛዬ በትከሻዬ አስቀመጠኝ።

መምህሩ ማተቤን በጣታቸው ነክተው የሆነ ነገር አሉ። ጓደኛዬ ተረጎመልኝ።

“ይሄ አይውለቅ፤ ከኛው ጋር አይጣሉም እያሉ ነው።”

የኔ የንስሐ አባት በዚህ እንደማይስማሙ እርግጠኛ ነበርኩ። ስለዚህ አልጠየቅኳቸውም። የቀረችኝ እናቴ ናት። ጀርባዬን ካየችው አበቃልኝ። መምህሩ ለዚህም መላ ነበራቸው። በቀለም ፈንታ በሰሊጥ ዘይት ይነቀሳል፤ ቁስሉ ሲድን ለዓይን አይታይም፤ ኃይሉ ግን ያው ነው። ኃጢአቱን ሠርቼ ምስክሩን ላጠፋለት ነው! ሸሚዜን ከመምህሩ በፊት እኔው አወለቅኩት።

መንቀሻው ክንድ የሚያህል ቀጭን ብረት ነው። ሁለት ሰዎች ቆዳዬን ወጥረው ያዙ፤ ሽማግሌው እንደ ልብስ ስፌት መኪና ወጉኝ። አምስት ረድፍ ጸሎት፣ ከግራ ትከሻዬ ወደ ታች። ሕመሙን ልነግራችሁ አልችልም፤ ብነግራችሁም ለሦስት ትከፍሉብኛላችሁ። በመጨረሻ ደግመው ደግመው ጸለዩና ጀርባዬ ላይ እፍ አሉ። ትንፋሻቸው ቀዝቃዛ ነበር። ያን ጊዜ ነገሩ ቀልድ መሆኑ አበቃ። አንድ ነገር ጀርባዬ ላይ ተቀመጠ፤ ክብደት የሌለው፣ ግን ያለ።

ከዚያ ሕጉ መጣ። የሰው ሚስት አትንካ። አትስረቅ። አትዋሽ።

“ማጋነን ከውሸት ይቆጠራል?” አልኩ።

ተረጎመላቸው። ረጅም ተነጋገሩ።

“ዝም ማለት ትችል እንደሆነ እየጠየቁ ነው” አለኝ።

ቀጠሉ። ዱባ አትብላ። የሴት የውስጥ ልብስ በተሰጣበት ገመድ ሥር አትለፍ። በመጨረሻ መምህሩ አገጬን ይዘው ዓይኔን እያዩ ተናገሩ፤ ጓደኛዬም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተረጎመው፤ “ከሁሉም በላይ እናትህን አትስደብ፣ ክፉ አትመኝላት። ይሄን ከጣስክ ጠባቂው ይዞርብሃል። የሚጠብቅህ ራሱ ይበላሃል።”

“እኔ? እናቴን? በሱ እንኳ አትጠርጥሩኝ!” አልኩና፣ እንዳረጋግጥላቸው ደረቴን መትቼ፣ “እናቴ ትሙት!” አልኩ።

አማርኛ የሚሰማ አልነበረም። ሁሉም ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ስቴጅ ላይ ለሦስት ሳምንት እንደ ወፍ ነበርኩ። ነፋስ ሲመጣ ጀርባዬን አዞርለታለሁ። ፍዳዬ ቤት ነበር። እናቴ የልብስ ማድረቂያውን አታምነውም፤ ልብስ ይበላል ትላለች። ከመታጠቢያ ቤቱ በር እስከ ሳሎኑ መግቢያ፣ ኮሪደሩ ላይ ገመድ ወጥራ የራሷን ልብስ እዚያ ታሰጣለች። ከመኝታ ቤቴ ወደ ኩሽና ሌላ መንገድ የለም። ስለዚህ ባለፍኩ ቁጥር ገመዱን ከነልብሱ ከምስማሩ ፈትቼ፣ አልፌ፣ መልሼ አስራለሁ።

“ገመዱ ምን አደረገህ?”

“ኤክሰርሳይዝ ነው እማዬ።”

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበርና የዱባ ወጥ ቀረበ።

“አለርጂክ ሆኛለሁ።”

“ለዱባ? ይሄ ጭንቅላት ያደገው በምን መሰለህና!”

ተሳሳቅን። እሷ ግን ቀና ብላ ትንሽ ቆየት ብላ አየችኝ። አንገቷ ላይ በልጅነቷ በእሾህና በጥላሸት የተነቀሰችው አምስት ረድፍ አለ፤ ስትጠራጠር ያ ረድፍ ይሸበሸባል። አምስት ረድፍ መሆኑን የቆጠርኩት ያን ቀን ነው።

አንድ ማክሰኞ፣ ሃያኛው ፎቅ አካባቢ፣ ጓደኛዬ መጥረጊያውን ይዞ ቆመ።

“ያ ሁልጊዜ የምትለው ‘ናቴ ቲሙት’ ምንድነው? የአምላካችሁ ስም ነው?”

ሳቄ መጣ። በኩራት ተረጎምኩለት። የምለው እውነት ካልሆነ እናቴ ትሙት ማለት ነው፤ ከዚህ በላይ መሐላ የለንም፤ ከእናት በላይ ምን አለ?

አልሳቀም። ውሃ የሚንጠባጠበውን መጥረጊያ ባልዲው ውስጥ ከትቶ፣ “ከተነቀስክ በኋላም ብለኸዋል?” አለ።

“ዛሬ ጠዋት እንኳን...” ብዬ አቆምኩ።

አንድ እርምጃ ከኔ ራቀ። ስቴጁ ላይ አንድ እርምጃ ብዙ ነው። ነፋስ አልነበረም፤ እኔ ግን የደህንነት ቀበቶዬን ዘለበት ደጋግሜ ነካሁ። በሦስት ሳምንት ስንት ጊዜ ማልኩ? በሱቅ፣ በስልክ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ። አብዛኛውን ደግሞ ለውሸት ነው። ጀርባዬ ላይ ያ ክብደት የሌለው ነገር ሲላወስ ተሰማኝ። ያን ቀን ሳልናገር ወረድኩ። ሌሎቹ ሠራተኞች ታመምክ ወይ አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ሥራ ላይ እያለሁ ጎረቤታችን ኮል አደረገችልኝ። እናቴ ኮሪደሩ ላይ ወድቃለች። እርጥብ ልብስ በእጇ ነበር።

የሆስፒታሉ ሐኪም የልቧ አንዱ በር ጠቧል አለኝ፤ ደረቷ ተከፍቶ መቀየር አለበት። በዚህ ዕድሜ አደጋ አለው፤ ካልተሠራ ግን ብዙ አትቆይም። በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ሊያገናኙን ሲሉ እናቴ እምቢ አለች፤ ከማላየው ሰው ጋር ስለ ልቤ አላወራም ብላ። አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ።

“ምን አለ?” አለችኝ።

“እንደ ጥርስ ማስነቀል ነው አለ። እንዲያውም ከጥርስ ይቀላል።”

ኮሪደር ወጥቼ የንስሐ አባቴ ጋ ልደውል ስልኬን ከፈትኩ፤ ከየት እንደምጀምር አጣሁና ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ስልኩን ለመምህሩ ሰጣቸው። ድምፃቸውን ሰማሁት፤ አጭር ነበር። ጓደኛዬ መልሶ ተቀበለና፣ “እግሯን በእጅህ እጠብ፤ ይቅርታ ጠይቃት። ያን ቃል ግን ሁለተኛ እንዳትል። ከእንግዲህ ካልከው እኔም አልመልሰውም ብለዋል” አለኝ።

ቀዶ ጥገናው በማግስቱ ጠዋት ነበር። ሊወስዷት አንድ ሰዓት ሲቀራት ከነርሷ የፕላስቲክ ሳፋ ለምኜ ለብ ያለ ውሃ ይዤ ገባሁ። እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ምንም ሳልል ተንበርክኬ ቀኝ እግሯን ሳፋው ውስጥ አስገባሁ። ተረከዟን፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠብኩ። አንገቴን ደፍቼ፣ “ይቅር በይኝ እማዬ” አልኩ።

ቀና ብዬ ሳይ ፊቷ አመድ መስሏል።

“ልሞት ነው?”

“ኧረ እማዬ! ምን ማለትሽ ነው!”

“አንተ በዕድሜህ የራስህን እግር እንኳ በወጉ አጥበህ አታውቅም። ሐኪሙ ምን አለህ?”

“ነገርኩሽ እኮ፤ እንደ ጥርስ...”

“ማል።”

አፌን ከፈትኩ። አርባ ዓመት ሊሞላው የቀረበ መሐላ በራሱ ጊዜ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ጥርሴን ነከስኩ።

“በማርያም...” አልኩ።

“ማርያምንማ ለቀልድህም ትጠራታለህ። እንደምትምለው ማል። በኔ ማል።”

ውሃው ሳፋው ውስጥ ጸጥ ብሏል። ብምል፣ የሐኪሙን ነገር ደብቄ በውሸት ነው የምምለው፤ ደረቷ ሊከፈት አንድ ሰዓት ሲቀረው። ባልምል፣ ሞቷን ከኔ ዝምታ ታነበዋለች። ጀርባዬ በረዶ ሆነ። ስቴጁ ሲዘም እንዲህ አልፈራሁም፤ እዚያ የሚወድቀው እኔ ነበርኩ።

“አልሄድም” አለች። እግሯን ከውሃው አወጣች። “ያልነገርከኝ ነገር ሳለ ማንም ደረቴን አይከፍትም። ንገራቸው።”

ነርሷ በሩ ላይ ብቅ ብላ “ኦኬ?” አለች። ኦኬ አልኳት። ምንም ኦኬ አልነበረም።

ያኔ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ስለ ዘመመው ስቴጅ፣ ስለ ጋራዡ፣ ስለሚያጓራው የጥርስ ሐኪም መሳይ፣ ስለ ዱባው፣ ስለ ገመዱ። ከዚያ ስለ መሐላው። ለምን መማል እንደማልችል ስነግራት ድምፄ እንደ ልጅ ድምፅ ተሰነጠቀ። “እኔ ነኝ የጣልኩሽ እማዬ። በአፌ ነው የጣልኩሽ።”

እርጥቡን እግሯን በአንሶላው ጠረገች።

“ዙር” አለች። “ሸሚዝህን ግለጥ።”

ዞርኩ። ጣቷ በጀርባዬ ላይ ሲሄድ ተሰማኝ፤ ከግራ ትከሻዬ ወደ ታች፣ ቀስ ብሎ።

“ምንም የለም” አለች።

“በዘይት ነው እማዬ። አይታይም።”

“እኔ የተነቀስኩት ስድሳ ዓመት ሙሉ ለዓለም ሁሉ ይታያል። አንተ ከእናትህ ደብቀህ ዘይት ተቀባህ!” ከጀርባዬ ሰውነቷ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። እያለቀሰች መስሎኝ ዞር ስል እየሳቀች ነው፤ ደረቷን ይዛ። “አንተ ልጅ፣ ከአምስት ዓመትህ ጀምሮ በየቀኑ ስትገድለኝ ኖረሃል። ስኳሩን አልበላሁም፣ እናቴ ትሙት! ብርጭቆውን አልሰበርኩም፣ እናቴ ትሙት! ባንተ አፍ የምሞት ቢሆን ገና ጥርስህ ሳይነቀል ተቀብሬ ነበር።”

ሳቄ አልመጣም። እንባዬ ቀደመኝ።

“አሁን” አለች ሳቋን ጨርሳ፣ “ሰውዬው ያለውን ንገረኝ። ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ።”

ነገርኳት። አደጋ አለው። ካልተሠራ ብዙ አትቆይም። በሕይወቴ እንደዚያ አጭር ወሬ አውርቼ አላውቅም፤ ለሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ያጠፋሁት ትንፋሽ አሥር ፎቅ በእግር የወጣሁ ያህል ነበር።

ራሷን ነቀነቀች። “ይሄ የሰው ወሬ ነው። ይሄንን ይዤ እገባለሁ።” ከዚያ የግራ እግሯን ወደ ሳፋው ዘረጋች። “ጨርስ እንጂ። በአንድ ንጹሕ እግር ልትልከኝ ነው?”

አጠብኳት። ወሰዷት።

መጠበቂያው ክፍል ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስታወቱ ላይ የሆነ ሰነፍ በደንብ ያልጠረገው ጭረት ነበረበት። አምስት ሰዓት ሙሉ እሱን አየሁ። አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ ከማወጣው ቃል የትኛው እንደሚገድል ስለማላውቅ። አጠገቤ የተቀመጡ ሰዎች ዲዳ ሳልመስላቸው አልቀረሁም። እኔን! በሩ በተከፈተ ቁጥር ያ የባልዲ ድምፅ ይመጣል ብዬ እጠብቃለሁ።

ሐኪሙ መጣና ልቧ በራሱ እየመታ ነው አለኝ። ደግሜ እንዲነግረኝ ጠየቅኩት፤ የምተረጉምለት ሰው ሳይኖር።

ንቅሳቱ ይዙርብኝ፣ ይለፈኝ፣ ወይ መጀመሪያውኑ ዘይት ብቻ ይሁን፣ አላውቅም። መምህሩ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። እኔም ወደ ስቴጁ ተመልሼ ብዙ ዓመት ሠራሁበት። ያን ቃል ከዚያ ወዲህ አልደገምኩትም፤ ዛሬ ከወረቀት ላይ በቀር። ስላልምል ማንም አያምነኝም፤ እናንተም እንደምታዩት።

እናቴ ከሆስፒታል ወጥታ በሁለተኛው ወር ገደማ፣ አንድ ጠዋት ለሥራ ስወጣ እንደ ልማዴ ገመዱን ልፈታ እጄን ወደ ምስማሩ ሰደድኩ። ገመዱ የለም። ኮሪደሩ ባዶ ነው። በሯ ገርበብ ብሎ ነበርና አየሁ፤ ገመዱ ከአልጋዋ በላይ ተወጥሯል፤ እሷ ከእርጥብ ልብሶቿ ሥር ተጋድማለች።

“እማዬ፣ ይሄ ምንድነው?”

“እርጥበቱ ለደረቴ ጥሩ ነው ተብያለሁ።”

“ማን አለ? ሐኪሙ ሲናገር የተረጎምኩት እኔ ነኝ። እንዲህ አላለም።”

ወደ ግድግዳው ዞረች። አንገቷ ላይ ያሉት አምስቱ ረድፎች ተሸበሸቡ።

“እስቲ ማዪ” አልኳት።

“ሥራ ይረፍድብሃል፤ ሂድ” አለች።

ኮሪደሩን ቀጥ ብዬ ሄድኩበት።